በሞቃት አገር የበቀለ የበረዶ ጨዋታ

የልጅ ጨዋታ እንደ አገሩ አየርና እንደ መሬቱ ጠባይ ነው። በወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ዋና ይማራል፤ በሜዳ አገር ያደገ ፈረስ መጋለብን ይለምዳል፤ የደጋ ልጅም መኸሩ ከተሰበሰበ በኋላ በታጨደው ማሳ ላይ ገና ይጫወታል። ማንም ልጅ ጨዋታውን መርጦ አይወለድም፤ አባቱና ታላላቅ ወንድሞቹ ሲጫወቱ አይቶ ይቀበለዋል እንጂ። ስለዚህ ጨዋታ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ርስት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን በዘመናችን ከዚህ ልማድ የወጣ ነገር ታይቷል። በረዶ በማይወርድበት፤ እንዲያውም የበጋው ፀሐይ ሰውን ከቤት በማያስወጣበት አገር፤ ልጆች በበረዶ ላይ የሚደረገውን ጨዋታ ከአባቶቻቸው ሳይወርሱ ተምረው ከበረዶ አገር ልጆች ጋራ እኩል የሚሰለፉ ሆነዋል። ይህ የሆነው በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በደቡቡና በምዕራቡ ክፍል ነው። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነና ወላጆችን ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ መመርመር ልጅ ለሚያሳድግ ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፤ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ እንጽፈዋለን። ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የገና ዘመድ የሆነ ጨዋታ

ይህ ጨዋታ የበረዶ ሆኪ ይባላል። የገናን ጨዋታ ለሚያውቅ ሰው ሆኪን ማስረዳት አይከብድም። ገና ሁለት ወገን ሆኖ በቈልማማ ዱላ ሩርን እየመቱ የባላጋራን ወገን ማሸነፍ እንደ ሆነ፤ ሆኪም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ሜዳው የረጋ በረዶ መሆኑና ተጫዋቹ ከሥሩ የብረት ስለት ያለው ጫማ አድርጎ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ መሮጡ ነው። በሩር ፈንታ የሚመታው ፓክ የሚባል ድፍን ጎማ ነው፤ ቅርጹ ክብና ጠፍጣፋ፤ ወርዱ 7 ሣንቲ ሜትር ተኩል ያህል፤ ውፍረቱም 2 ሣንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከእያንዳንዱ ወገን 6 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ከነዚህም አንዱ በረኛ ነው። ሩጫው እጅግ ፈጣንና አድካሚ ስለ ሆነ፤ ተጫዋቾቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው እየወጡ ሌሎች ይተኳቸዋል።

የጨዋታው አገር ካናዳ ነው። በቤት ውስጥ ሥርዓት ተበጅቶለት የተደረገው የመጀመሪያው የሆኪ ጨዋታ በሞንትሪያል ከተማ ማርች 3 ቀን 1875 ዓመት የተደረገው ነው። በካናዳና በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል፤ እንደ ሚኔሶታና እንደ ማሳቹሴትስ ባሉት አገሮች፤ ክረምት በገባ ጊዜ ሐይቁና ኩሬው ሁሉ ረግቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። አባት በግቢው ውሃ አፍስሶ ሲያድር የልጁ ሜዳ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ሕፃኑ ቆሞ መሄድ ከጀመረ ብዙም ሳይቈይ በበረዶ ላይ መቆምን ይማራል። በዚያ አገር ሜዳውን እግዚአብሔር ያለ ዋጋ ይሰጣል፤ አስተማሪውም አባት ወይም ወንድም ነው። ጨዋታው ከመቶ ዓመት በላይ ከሰሜን ሳይርቅ የኖረበት ምክንያት ይህ ነው።

በረዶ በጥበብ ሲሠራ

በሞቃት አገር በረዶ የሚገኘው በመኪና ጥበብ ብቻ ነው። በመኪና ኃይል የረጋ የበረዶ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1876 ዓመት በሎንዶን ከተማ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ከሲሚንቶው ወለል ውስጥ ብዙ ቧንቧዎች ይዘረጋሉ። በቧንቧዎቹ ውስጥ እጅግ የቀዘቀዘ፤ ነገር ግን ጨው ስላለበት የማይረጋ ውሃ፤ ወይም እንደዚሁ የማይረጋ ሌላ ፈሳሽ ያለ ማቋረጥ ይዞራል። ወለሉ በበረደ ጊዜ ውሃ በስሱ ይረጭበታል፤ ያ ሲረጋ ሌላ ይረጭበታል፤ እንደዚህ እየተደራረበ ወደ 3 ሣንቲ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው በረዶ ይሆናል። የበረዶው ፊት ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ያህል ሆኖ እንዲቈይ ይደረጋል። በሰሜን አሜሪካ የአንድ ሙሉ ሜዳ ርዝመት 61 ሜትር፤ ወርዱ 26 ሜትር ያህል ነው።

አንባቢ ይህን ሲያነብ ወጪውን ማሰቡ አይቀርም። ከውጭ ሙቀቱ እየበረታ፤ ከውስጥ ይህን ያህል ስፋት ያለው በረዶ እንዳይቀልጥ የሚጠብቀው መኪና ሌሊትና ቀን አያርፍም። ስለዚህ የሜዳው ባለቤት በረዶውን በሰዓት ቈጥሮ ያከራያል። ኋላ የምናነሣው የወላጆች ሸክም ሁሉ ምንጩ ይህ የሰዓት ኪራይ ነው።

ሆኖም ሞቃቱ አገር ለዚህ ጨዋታ ያበረከተው ታላቅ ስጦታ አለ። በረዶው በጫማው ስለት ስለሚቧጠጥ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ቀድሞ ይህ ሥራ ብዙ ሠራተኞችን ከአንድ ሰዓት በላይ ያደክም ነበር። በሎስ አንጀለስ አጠገብ በፓራማውንት ከተማ ሚስተር ፍራንክ ዛምቦኒ የሚባሉ ሰው በረዶ በመሥራትና በመሸጥ ይኖሩ ነበር። የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ በየቤቱ ገብቶ የበረዶ ንግድ በቀነሰ ጊዜ፤ ከወንድማቸውና ከአጎታቸው ልጅ ጋራ ሆነው በ1940 ዓመት የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ከፈቱ። በ1949 ዓመትም በረዶውን የሚልግ፤ የሚያጥብና አዲስ ውሃ የሚያፈስ አንድ መኪና ሠሩ። ዛሬ በካናዳም ቢሆን በብዙ ሜዳ ላይ በጨዋታው መካከል ወጥቶ በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና በኚህ በሞቃት አገር ሰው ስም ይጠራል።

ጨዋታው ወደ ደቡብ የወረደበት መንገድ

ብሔራዊ የሆኪ ሊግ የሚባለው የማኅበሮች ኅብረት እስከ 1967 ዓመት ድረስ 6 ማኅበሮች ብቻ ነበሩት፤ እነርሱም በሞንትሪያል፤ በቶሮንቶ፤ በቦስተን፤ በኒው ዮርክ፤ በዲትሮይትና በሺካጎ የሚገኙ ነበሩ። በ1967 ዓመት ቍጥሩ ወደ 12 ሲያድግ ከካሊፎርኒያ ሎስ አንጀለስና ኦክላንድ ገቡ። ነገር ግን የካሊፎርኒያ ሰው ለብዙ ጊዜ ጨዋታውን እንደ እንግዳ ይመለከተው ነበር እንጂ የራሱ አላደረገውም።

ኦገስት 9 ቀን 1988 ዓመት በዘመኑ ከተጫዋቾች ሁሉ የበለጡት ሚስተር ዌይን ግሬትስኪ ከካናዳዋ ኤድመንተን ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛወሩ። በካናዳ ሐዘኑ ብርቱ ሆኖ ነገሩ በሕዝብ እንደራሴዎች ዘንድ እስከ መነሣት ደረሰ። በካሊፎርኒያ ግን ልጆች ዱላ ይዘው ወደ መንገድ ወጡ። ከዚያ በኋላ ማኅበሮች ወደ ሙቀቱ አገር እየተከታተሉ ወረዱ፤ በ1991 ሳን ሆዜ፤ በ1992 ታምፓ፤ በ1993 ዳላስ፤ አናሃይምና የማያሚ አካባቢ፤ በ1996 ፊኒክስ፤ በ1997 ሰሜን ካሮላይና፤ በ1998 ናሽቪል፤ በ2017 ዓመት ደግሞ ላስ ቬጋስ የሆኪ ማኅበር አገኙ። ስታንሊ ካፕ የሚባለውን ታላቁን ዋንጫ የታምፓ ማኅበር በ2004፤ በ2020ና በ2021፤ በማያሚ አካባቢ ያለው የፍሎሪዳ ማኅበር ደግሞ በ2024ና በ2025 ወስደዋል። ከሰሜኑ ክረምት የሸሹ ሽማግሎች የሚያርፉባት ፍሎሪዳ የበረዶ ጨዋታ አሸናፊ ትሆናለች ብሎ ቀድሞ ቢናገር የሚያምነው ሰው ባልተገኘ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ማኅበሮቹ ወደ ደቡብ የወረዱት ስለ ልጆች ብለው አይደለም፤ ብዙ ተመልካችና ብዙ ገንዘብ ፈልገው ነው። ነገር ግን ለገንዘብ የተዘራው ዘር ለልጆችም ፍሬ ሰጠ። ማኅበር በገባበት ከተማ ሁሉ የመለማመጃ ሜዳ ተሠራ፤ ከጨዋታ ጡረታ የወጡ ሰዎችም አየሩን ወደው በዚያው ቤት ሠርተው ስለ ቀሩ የልጆች አሠልጣኞች ሆኑ። የበረዶ ኪራይ የከበዳቸው ልጆች ደግሞ ሌላ ብልሃት አገኙ፤ በስለቱ ፈንታ አራት ጎማዎች በአንድ መስመር የተሰኩበትን ጫማ አድርገው በየአስፋልቱና በመኪና ማቆሚያው ላይ ሆኪ ተጫወቱ። በ1990ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ በጎማ ጫማ ጀምረው ኋላ ወደ በረዶ የተሻገሩ ልጆች ብዙ ናቸው።

የበረሓው ልጅ

ከነዚህ አገሮች ሁሉ ነገሩ እጅግ ጎልቶ የታየው በአሪዞና ነው። የፊኒክስ ከተማ በምድረ በዳ መካከል ያለች ናት። በ2023 ዓመት በበጋው 31 ቀን ሳያቋርጥ በየቀኑ ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ በላይ ሆኖ ነበር። ወደዚህች ከተማ በ1996 ዓመት ከካናዳዋ ዊኒፔግ አንድ የሆኪ ማኅበር ተዛውሮ ኮዮቲስ የሚል ስም ተቀበለ።

ኦስተን ማቲውስ የተወለደው በሚቀጥለው ዓመት በ1997 በካሊፎርኒያ ነው፤ በሕፃንነቱም ወላጆቹ በፊኒክስ አጠገብ ወዳለችው ስኮትስዴል ይዘውት ሄዱ። አባቱ በወጣትነታቸው ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ የተጫወቱ ናቸው፤ እናቱ የሜክሲኮ ተወላጅ ናቸው፤ የበረዶ ጨዋታ በቤታቸው ርስት አልነበረም። ሕፃኑን ወደ ኮዮቲስ ጨዋታ በወሰዱት ጊዜ በመጀመሪያ ዓይኑን የሳበው በዕረፍት ጊዜ እየዞረ በረዶውን የሚያለሰልሰው የዛምቦኒ መኪና እንደ ነበረ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ግን ዓይኑ ወደ ጨዋታው ዞረ።

በከተማይቱ ሙሉ ሜዳ ያላቸው ቦታዎች ጥቂት ስለ ነበሩ፤ ይህ ልጅ ብዙ ጊዜ የተለማመደው ሦስት ለሦስት ሆነው በሚጫወቱበት ጠባብ ሜዳ ላይ ነው። ያጡ የመሰላቸው ነገር በረከት ሆኖ ተገኘ። በሰፊ ሜዳ ላይ ትንሽ ልጅ ፓኩን ሳይነካ ብዙ ደቂቃ ይሮጣል፤ በጠባብ ሜዳ ላይ ግን ፓኩ ሁልጊዜ ከእግሩ አጠገብ ነው፤ ሰውም ከየአቅጣጫው ስለሚከበው ፈጥኖ ማሰብንና በእጁ መጠበብን ይማራል። መንሸራተትን ያስተማሩት ደግሞ ቦሪስ ዶሮዠንኮ የሚባሉ የዩክሬን ሰው ናቸው፤ እኚህም ሰው አስቀድመው በሜክሲኮ ሆኪን ያስተምሩ የነበሩ ናቸው። ከዩክሬን ተነሥቶ በሜክሲኮ በኩል ወደ አሪዞና በረሓ የመጣ አስተማሪ፤ ከሜክሲኮ ከመጡ እናት የተወለደ ተማሪ፤ ሁለቱም በበረዶ ላይ ተገናኙ።

ወጣቱ 18 ዓመት በሆነው ጊዜ ወደ ስዊስ አገር ወደ ዙሪክ ሄዶ አንድ ዓመት ከጐልማሶች ጋራ ተጫወተ፤ እናቱም አብረውት ሄዱ። በ2016 ዓመት ማኅበሮቹ አዲስ ወጣቶችን ሲመርጡ የቶሮንቶ ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ መረጠው። ኦክቶበር 12 ቀን በተጫወተው የመጀመሪያ ጨዋታ አራት ግብ አገባ። በ2022 ዓመት ከሊጉ ተጫዋቾች ሁሉ ለማኅበሩ እጅግ የጠቀመ ተብሎ ተሸለመ፤ በ2024 ዓመት በተፈጸመው የጨዋታ ዘመንም 69 ግብ አገባ። ከእርሱ በኋላ የፊኒክስ ተወላጅ የሆነው ማቲው ናይስ በዚያው በቶሮንቶ ማኅበር ገባ። ጆሽ ዶን ደግሞ ካናዳዊው አባቱ የኮዮቲስ አለቃ ተጫዋች ሆነው በኖሩበት በስኮትስዴል ተወልዶ ያደገ ነው። እንግዲህ አንዱ ጨዋታውን ከአባቱ ወረሰ፤ ሌላው ሳይወርስ አገኘው፤ ሁለቱም ግን የአንድ አገር ልጆች ሆኑ።

ማኅበሩ በሄደ ጊዜ

የነገሩ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የኮዮቲስ ማኅበር ከብዙ ዘመን ጀምሮ በዕዳና በሜዳ ክርክር የተጨነቀ ነበር። በ2009 ዓመት መክሰሩን አስታውቆ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ታየ። ከ2022 ዓመት ጀምሮ የሚጫወትበት ትልቅ አዳራሽ አጥቶ 5,000 ያህል ሰው ብቻ በሚይዘው በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ተጠጋ። በ2023 ዓመት በሜይ ወር የቴምፒ ከተማ ሕዝብ ለማኅበሩ አዳራሽ ሊሠራበት በታሰበው ቦታ ላይ ድምፅ ሰጥቶ ሐሳቡን አልተቀበለም። በ2024 ዓመት በኤፕሪል ወር ማኅበሩ ተጫዋቾቹን ሁሉ ይዞ ወደ ዩታ አገር ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ተዛወረ።

አባት ልጁን እጁን ይዞ የሚወስድበት ታላቅ ጨዋታ በአንድ ቀን ጠፋ። የልጆቹ ሆኪስ ምን ይሆናል? ውሃ የሚያጠጣው ሰው የሄደበት ተክል ይደርቃል ወይስ ሥር ሰድዶ ይሆን? እንደዚህ ያለ ስንብት በአሜሪካ የመጀመሪያ አልነበረም፤ የአትላንታ ከተማ በ1980 አንድ ማኅበር፤ በ2011 ዓመት ደግሞ ሁለተኛ ማኅበር ወደ ካናዳ ሄዶባታል።

በአሪዞና የቀረውን እንመልከት። የመለማመጃ ሜዳዎቹ አልተነቀሉም። አሠልጣኞቹ ልጆቻቸውን በዚያ ያሳደጉ፤ ቤታቸውን በዚያ የሠሩ ናቸውና አልሄዱም። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓመት የወንዶች የሆኪ ቡድኑን ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ ስላሰለፈው፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ የሚመኘው ደረጃ በአገሩ አለ። ለሴቶች ልጆችም ካቺናስ የሚባል ማኅበር ተቋቁሟል። ይህን ለማቋቋም የደከመችው ሊንዚ ፍራይ በአሪዞና ያደገች ስትሆን በ2014 ዓመት በሶቺ ኦሊምፒክ ለአገርዋ የብር ሜዳይ ያገኘች ናት። ልጅ በነበረችበት ጊዜ ከወንዶች ጋራ መጫወት ግድ ሆኖባት ነበር። በ2021 ዓመት ለሴቶች ልጆች ሆኪ ገንዘብ ለመሰብሰብ በጎማ ጫማ ሆና በፊኒክስ አካባቢ 96 ማይል፤ ማለት 154 ኪሎ ሜትር ያህል፤ በአንድ ቀን ተንሸራተተች።

የሄደውም ቀላል አይደለም። ለጀማሪዎች ይውል የነበረው የማኅበሩ ገንዘብ፤ የሕፃኑን ዓይን የሚስበው ብርሃንና ዕልልታ ሄዷል። የዚህ ጉዳት መጠን ዛሬ አምስት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት በሚያድጉበት ጊዜ የሚታይ ነው። ነገር ግን ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ታላቅ ማኅበር እሳቱን ይጭራል እንጂ እሳቱን ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቁት ቤቱ፤ አስተማሪውና ወላጁ ናቸው።

የወላጆች ሸክም

አሁን ወደ ወላጆች ጉዳይ እንመለስ። በገና ጨዋታ ዱላው ከጫካ ይቈረጣል፤ ሩሩም በቤት ይበጃል። ስለዚህ በገና ዕለት የጌታ ልጅና የሎሌ ልጅ ያለ ልዩነት በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ። በበረዶ ሆኪ ግን እንደዚህ አይደለም። የራስ ቁር፤ የፊት መከላከያ፤ የትከሻ፤ የክርንና የጕልበት ጋሻ፤ ጓንት፤ ጫማና ዱላ ያስፈልጋል፤ ልጅም በየዓመቱ ስለሚያድግ የዛሬው ጫማ ለከርሞ አይሆንም። አስፐን ኢንስቲትዩት የሚባለው ድርጅት በ2019 ዓመት ባወጣው ጥናት የአሜሪካ ወላጆች ለአንድ ልጅ የበረዶ ሆኪ በዓመት በአማካይ 2,583 ዶላር ያወጡ ነበር፤ ይህም ከተመረመሩት የልጆች ጨዋታዎች ሁሉ የበለጠ ነው።

በሞቃት አገር ሸክሙ ይጨምራል። በረዶው ጥቂት ስለ ሆነ ሰዓቱ ይሻማል፤ ብዙ ጊዜ ለልጆች የሚደርሳቸው ገና ሳይነጋ ወይም ከመሸ በኋላ ነው። እናት ከበረሓው ሙቀት ወጥታ፤ ካፖርት ለብሳ በብርዱ አዳራሽ ተቀምጣ ልጅዋን ትጠብቃለች። በአካባቢው ያሉት ቡድኖችም ጥቂት ስለ ሆኑ፤ ልጁ አቻውን ለማግኘት ወደ ሌላ አገር በመኪናና በአውሮፕላን መሄድ ይገደዳል። በካናዳ መንደር በእግር የሚደረስበት ጨዋታ በአሪዞና ጕዞና ወጪ ይጠይቃል።

ሌላው የወላጅ ጭንቀት የልጅ ጤና ነው። በሆኪ ጐልማሶች በሩጫ ላይ ሳሉ በአካል መጋጨት የተፈቀደ ነው፤ ግጭቱም አንዳንድ ጊዜ አንጎልን ያናውጣል። በ2010 ዓመት በካናዳ የ11ና የ12 ዓመት ልጆችን በመመርመር የወጣ ጥናት፤ መጋጨት በተፈቀደበት በአልበርታ አገር የልጆች ጉዳት መጋጨት ከተከለከለበት ከኬቤክ አገር ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ እንደ ተገኘ ገለጸ። ስለዚህ የአሜሪካ የሆኪ ማኅበር በ2011፤ የካናዳም በ2013 ዓመት ለዚህ ዕድሜ ልጆች መጋጨትን ከለከሉ። አንዳንድ የቀድሞ ተጫዋቾች ልጆቹ ፈሪ ይሆናሉ ብለው ተቃውመው ነበር። ነገር ግን የልጅ ጀግንነት የሚለካው በተሰበረ አጥንቱ አይደለምና ሕጉ ጸና። ጨዋታው ልማድ ባልሆነበት አገር ይህ ሕግ ብርቱ ጥቅም አለው፤ በረዶን የማታውቅ እናት ልጅዋን የምትሰጠው እንደሚጠበቅላት ባወቀች ጊዜ ነውና።

በሩን የከፈቱ ሰዎች

የገንዘብ አጥር ልጆችን እንዳይለያይ የደከሙ ሰዎች ስማቸው ሊነሣ ይገባል። ሚስተር ዊሊ ኦሪ በካናዳ ከ13 ልጆች የመጨረሻው ሆነው የተወለዱ ናቸው። በወጣትነታቸው ፓክ መትቷቸው የቀኝ ዓይናቸው ብርሃን ቢጠፋም፤ ይህን ሰውረው ጃንዋሪ 18 ቀን 1958 ዓመት ለቦስተን ተሰልፈው በታላቁ ሊግ የተጫወቱ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኑ። ከዚያ በኋላ ብዙውን ዘመናቸውን የተጫወቱት በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ ሲሆን፤ ይኸውም በደቡብ ሆኪ እምብዛም ሳይታወቅ ነው። በ1998 ዓመት ሊጉ ሾሟቸው በየከተማው እየዞሩ ጨዋታው ላልደረሳቸው ልጆች ሲያስተምሩ ኖሩ፤ በ2018 ዓመትም ስማቸው በሆኪ የክብር አዳራሽ ተጻፈ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ ደግሞ ሚስተር ኒል ሄንደርሰን በ1978 ዓመት በፎርት ዱፖንት ሜዳ ለጥቁር ቤተ ሰብ ልጆች የሆኪ ማኅበር አቋቋሙ። ለብዙ ዓመታት ልጆቹን ያሠለጠኑት የራሳቸውን ጊዜና ድካም ሰጥተው ነው። በ2019 ዓመት በአሜሪካ የሆኪ የክብር አዳራሽ ገቡ። ከእርሳቸው ተማሪዎች አንዱ ዱዋንቴ አበርክሮምቢ ነው። በናሽቪል ያለው፤ ለጥቁሮች ትምህርት የተመሠረተው የቴኔሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2023 ዓመት የሆኪ ቡድን እንደሚያቋቁም ባስታወቀ ጊዜ፤ በ2024 ዓመት አሠልጣኝ አድርጎ የሾመው እርሱን ነው። አንድ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ በዝምታ ያስተማረው ትምህርት ከ40 ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ እንዴት እንደ በቀለ ተመልከቱ።

በጐረቤታችን በኬንያ የታየውም ከዚህ ይመሳሰላል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ አጠገብ ያለች ከተማ ስትሆን በ2005 ዓመት በፓናሪ ሆቴል ውስጥ አንድ ትንሽ የበረዶ ሜዳ ተከፈተ። በዚያ የተሰበሰቡት ወጣቶች የበረዶ አንበሶች የሚል ስም ለራሳቸው አወጡ። በአካባቢው ሌላ ቡድን ስላልነበረ እርስ በርሳቸው ብቻ ይጫወቱ ነበር። በ2018 ዓመት ወደ ካናዳ ተጋብዘው ከሌላ ቡድን ጋራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱ፤ በ2024 ዓመትም ኬንያ ወደ ዓለም የበረዶ ሆኪ ኅብረት ገባች።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው

እኛ ይህን የጻፍነው በአገራችን የበረዶ ሜዳ ይሠራ ለማለት አይደለም። ለልጆቻችን ገናው፤ ፈረሱና ሩጫው አሉላቸው፤ እነዚህንም ከአባቶቻቸው በክብር ይቀበሏቸው። ነገር ግን ከአሪዞና ልጆች ታሪክ ወላጅም ሹምም የሚወስደው ትምህርት አለ።

ልጅ ያላየውን አይመኝም። የስኮትስዴሉ ሕፃን ወደ ጨዋታው ባይወሰድ ኖሮ በውስጡ ያለውን ስጦታ እርሱም ወላጆቹም ሳያውቁት በቀረ ነበር። ካየ በኋላም የሚሄድበት ቤት፤ ቤቱም ካለ በኋላ የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ሰፊ ሜዳ ባይገኝ ጠባቡ ይበቃል፤ አስተማሪ ባይኖር ግን ሰፊው ሜዳ ባዶ አዳራሽ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሩ ለባለ ጸጋ ልጅ ብቻ የሚከፈት እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ስጦታ የሚታደለው በአባት ሀብት መጠን ስላልሆነ፤ በሩ በገንዘብ ብቻ ሲከፈት ከደጅ የሚቀረው ልጅ ምናልባት ከሁሉ የበለጠው ሊሆን ይችላል።

የፊኒክስ ማኅበር ሄደ፤ ልጆቹ ግን ዛሬም ሳይነጋ ተነሥተው ከሙቀቱ ወደ ብርዱ አዳራሽ ይገባሉ። ጨዋታው ለእነርሱ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል፤ እነርሱም ወልደው ሲያሳድጉ ለልጆቻቸው ርስት ሆኖ ይተላለፋል።